ከጥጥ እርሻ እስከ ሸክላ፤ የዘፋኙ የማዲ ዋተርስ ታሪክ

በታሪክ ክበብ አባሎች የተጻፈ

መግቢያ

ይህን የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል መጽሔት ለማሰናዳት በተሰበሰብን ጊዜ ከቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አገኘን። በፎቶግራፉ ላይ 30 ያህል ተማሪዎች በሦስት ረድፍ ቆመው ይታያሉ፤ ከፊታቸውም ሁለት መምህራን ተቀምጠዋል። ገልብጠን ጀርባውን ብናይ አንዳችም ጽሑፍ የለበትም። ወደ ሽማግሌው ዘበኛችን ይዘን ሄድን፤ እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ካዩት በኋላ የሦስቱን ስም ብቻ ነገሩን። የቀሩት መልካቸው አለ፤ ስማቸው ግን የለም።

በዚያው ሰሞን የታሪክ መምህራችን በክበባችን ስብሰባ ላይ ሁለት ዘፈኖች አሰሙን። ሁለቱም የአንድ ሰው ድምፅ ናቸው፤ ዜማቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የመጀመሪያው በ1941 በአሜሪካ ደቡብ በአንድ የገበሬ ጎጆ ውስጥ፥ ሁለተኛው በ1948 በቺካጎ ከተማ የተቀረጹ ናቸው። በመኻከላቸው ያለው ሰባት ዓመት ብቻ ሲሆን፥ ስንሰማቸው ግን ሁለት ልዩ ልዩ ዓለም ይመስላሉ። ይህ ሰው ማን ነው? ድምፁን ማን ቀረጸው? ከተቀረጸውስ ድምፅ ማን ተጠቀመ? ስንል ጠየቅን። ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች ያገኘነው መልስ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እናሳስባለን።

ብሉዝ ምንድን ነው?

ብሉዝ የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ነው። በአሜሪካ ባርነት የተሻረው በ1865 ሲሆን፥ ብሉዝ ደግሞ ከዚያ በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በደቡቡ ክፍል፥ በእርሻና በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ከሚዘፈኑት የሥራ ዘፈኖች መኻከል በቅሎ ያደገ ነው። የቃሉ ትርጓሜ ትካዜ ማለት ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይላል፥ ያንኑ ይደግመዋል፥ በሦስተኛው ስንኝ መልሱን ወይም ምክንያቱን ይናገራል። በየስንኙ መጨረሻ ድምፁ ዝም ሲል ጊታሩ ይመልስለታል። እንዲህ ሰውና መሣሪያ እንደ ሁለት ወዳጆች ይነጋገራሉ።

በመንፈሱ በእኛ ቋንቋ እንጉርጉሮ ከምንለው ጋር ይቀራረባል ብንል ስሕተት አይሆንም። ነገር ግን ብሉዝ ኀዘን ብቻ አይደለም፤ ቀልድም፥ ሽሙጥም፥ ፉከራም አለበት። ሰው ቀን በፀሐይ ሲለቅም ከዋለው ጥጥ ተለይቶ ማታ ልቡን የሚያሳርፍበት ነበር።

ልደቱና አስተዳደጉ

ማዲ ዋተርስ የቅጽል ስም ነው፤ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ማኪንሊ ሞርጋንፊልድ ነው። የተወለደው በሚሲሲፒ ወንዝ አጠገብ ባለው ሜዳማ የጥጥ አገር ነው። የተወለደበት ዓመት ራሱ አከራካሪ ነው። እርሱ 1915 ይል ነበር፤ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተቀረጸውም ይኸው ነው፤ ከወጣትነቱ ዘመን የቀሩ ሰነዶች ግን 1913 ይላሉ። በዚያ ዘመን የአንድ ጥቁር ገበሬ ልጅ መወለድ ምን ያህል ሳይጻፍ ይቀር እንደ ነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ገና ሕፃን ሳለ እናቱ ስለ ሞተች ያሳደጉት የእናቱ እናት ዴላ ግራንት ናቸው። ልጁ በጅረት ዳር በጭቃ ውሃ መጫወት ይወድ ስለ ነበር አያቱ «ማዲ» ብለው ጠሩት፤ «ጭቃማው» ማለታቸው ነው። «ዋተርስ» ማለትም «ውሃዎች» የሚለው ግን በኋላ ሙዚቃ መጫወት ሲጀምር የተጨመረለት ነው። አያቱም ልጁን ይዘው ክላርክስዴል ከምትባለው ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ስቶቫል እርሻ ሄዱ፤ በዚያም አደገ።

በዚያ አገር የነበረው የእርሻ ሥርዓት አባቶቻችን እኩል አራሽ ይሉት የነበረውን ይመስላል። መሬቱ የባለ እርሻው ነው፤ ጎጆውም፥ በቅሎውም፥ ዘሩም የእርሱ ነው። ገበሬው የሚያመጣው ጉልበቱንና የቤተ ሰቡን ጉልበት ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ዱቄትና ጨው፥ ጫማና መድኃኒት በዱቤ ይወስዳል። በመከር ጊዜ ጥጡ ተለቅሞና ተመዝኖ እኩሌታው ለባለ መሬቱ ከገባ በኋላ፥ ከገበሬው ድርሻ ላይ ደግሞ የዱቤው ዕዳ ይቀነሳል። መዝገቡን የሚይዘው ባለ መሬቱ ነው። ገበሬው ብዙ ጊዜ ማንበብ አይችልም፤ ቢችልም እንኳ መዝገቡን አሳዩኝ ብሎ መጠየቅ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነበር። ስለዚህ ብዙው ሰው ዓመቱን ያለ ትርፍ ወይም በዕዳ ይጨርስ ነበር። ይህን የመዝገብ ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ በኋላ ተመልሰን እንመጣበታለን።

የማዲ ትምህርት ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክፍሎች አላለፈም። ከትምህርት ቤት ይልቅ ጥጡ ይጠራው ነበርና። በልጅነቱ ሃርሞኒካ ይነፋ ነበር። 17 ዓመት ገደማ ሲሆነው በቤት የቀረችውን የመጨረሻ ፈረስ በ15 ዶላር ያህል ሸጠ፤ እኩሌታውን ለአያቱ ሰጠ፤ ከራሱም ድርሻ ላይ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም አውጥቶ ጊታር ገዛ። ገበሬ ፈረሱን ሸጦ መሣሪያ ሲገዛ ምን ያህል ቢቈርጥ እንደ ሆነ የገጠር ልጆች የሆንን እናውቃለን።

በዚያ አካባቢ ስመ ጥር የነበረው ዘፋኝ ሰን ሃውስ ነበረ። ማዲ ማታ ማታ እየሄደ አጨዋወቱን በዓይኑ ይመለከት ነበር። ከእርሱም የጠርሙስ አንገት በጣት ላይ አጥልቆ በጊታሩ ክር ላይ ማንሸራተትን ተማረ፤ ይህ አሠራር ክሩን እንደ ሰው ድምፅ ያስለቅሰዋል። የሮበርት ጆንሰንንም ሸክላዎች እያዳመጠ ያጠና ነበር። ቀን ትራክተር ይነዳል፤ ቅዳሜ ማታ ጎጆውን ለጭፈራ ይከፍታል። ዓሣ ይጠበሳል፥ አረቄ ይሸጣል፥ ቁማር ይደረጋል፥ እርሱም እስኪነጋ ይዘፍናል። ከስቶቫል አካባቢ ውጭ ግን ስሙን የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም።

ድምፅ የሚቀርጸው መሣሪያ መጣ

በኤፕሪል 1940 ናቼዝ በምትባለው የሚሲሲፒ ከተማ በአንድ የጭፈራ አዳራሽ እሳት ተነሥቶ ከ200 በላይ ጥቁር አሜሪካውያን ሞቱ። በናሽቪል ከተማ የፊስክ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ መምህር የነበሩት ጥቁሩ ሊቅ ጆን ዎርክ ይህን በሰሙ ጊዜ፥ ሕዝቡ ስለዚህ አደጋ ምን ዘፈን አወጣ? ብለው አሰቡ፤ ሄደው ሊያጠኑትም ፈለጉ። ከዚህም አሳብ የተነሣ ፊስክ ዩኒቨርሲቲና በዋሽንግተን የሚገኘው የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ተባብረው በሚሲሲፒ የጥጥ አገር የሚገኘውን ሙዚቃ ለማጥናት ተስማሙ። ከቤተ መጻሕፍቱ የተላኩት አለን ሎማክስ ነበሩ፤ ነጭ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ያን ጊዜ 26 ነበረ።

ሁለቱ ሰዎች በኦገስት 1941 ወደ ስቶቫል እርሻ መጡ። ሮበርት ጆንሰን በ1938 ሞቶ ነበርና እርሱን የመሰለ ዘፋኝ ማን አለ? ብለው ቢጠይቁ፥ ሰዎቹ ማዲን አመለከቷቸው። ማዲ ግን ነጭ ሰው ፈልጎህ መጣ ሲባል ደነገጠ። አረቄ ይሸጥ ስለ ነበር ሊይዙት የመጡ የመንግሥት ሰዎች መሰሉት። ሎማክስ ውሃ ለመኑትና እርሱ ከጠጣበት ኩባያ ጠጡ። በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ ጥቁርና ነጭ በትምህርት ቤት፥ በባቡርና በሐኪም ቤት ሁሉ በሕግ የተለያዩ ነበሩ፤ ነጭ ሰው ከጥቁር ሰው ኩባያ ሲጠጣ ማዲ አይቶ አያውቅም። ይህን ባየ ጊዜ እነዚህ ፖሊሶች አይደሉም ብሎ ልቡ ረጋ።

መሣሪያው በመኪና ተጭኖ የመጣ ከባድ ዕቃ ነበረ። በሚሽከረከር ሸክላ ላይ መርፌ እየፋቀ ድምፁን ወዲያው ይቀርጻል። ማዲ በገዛ ጎጆው ተቀምጦ ዘፈነ፤ ሎማክስና ዎርክም ዘፈኑን እንዴት እንዳወጣው፥ ከማን እንደ ተማረው ጠየቁት። የጥያቄውና የመልሱ ድምፅም ተቀርጾ ይገኛል። ከዘፈኖቹ አንዱ «ካንትሪ ብሉዝ» ሲባል፥ ሌላው «ተቸግሬአለሁ» የሚል ትርጓሜ ያለው ርእስ አለው።

ከዚያም የተቀረጸውን መልሰው አሰሙት። ማዲ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ድምፅ ከራሱ ውጭ ሰማ። ያ ድምፅ በሱቅ ከሚሸጡት ሸክላዎች እንደማያንስ ተገነዘበ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥሩ ነህ ያሉት ጎረቤቶቹ ነበሩ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ምስክሩ የገዛ ጆሮው ሆነ።

ሎማክስ በጁላይ 1942 ተመልሰው እንደ ገና ቀረጹት። ቆይቶም ሁለት ሸክላና የ20 ዶላር ቼክ በፖስታ ደረሰው። ማዲ አንዱን ሸክላ ይዞ በአቅራቢያው ወዳለ ቡና ቤት ሄደ፤ በጁክ ቦክሱ ውስጥም አስገብቶ እየደጋገመ አጫወተው። እችላለሁ፥ እችላለሁ እያለ ለራሱ ይናገር እንደ ነበር በኋላ ተርኳል። ደግሞም ሱፉን ለብሶ፥ ክራቫቱን አስሮ፥ ሸክላውን በእጁ ይዞ ፎቶግራፍ ተነሣ። ይህን ፎቶግራፍ አይተነዋል፤ ዲፕሎማውን ይዞ እንደሚነሣ ተማሪ ነው የሚመስለው።

ወደ ቺካጎ

በ1943 የትራክተር ነጂነት ደመወዙ በሰዓት 22 ሳንቲም ተኩል ነበረ። ወደ 25 ሳንቲም ከፍ ይደረግልኝ ብሎ የእርሻውን አለቃ ቢጠይቅ አለቃው ተቈጥቶ መለሰው። ለ2 ሳንቲም ተኩል ነገር ስቶቫል አንድ ትራክተር ነጂ አጣ። በሜይ ወር ማዲ አያቱን ተሰናብቶ ጊታሩንና ሻንጣውን ይዞ በባቡር ወደ ቺካጎ ሄደ።

በዚህ መንገድ የሄደው እርሱ ብቻ አልነበረም። ከ1910 እስከ 1970 ድረስ 6 ሚሊዮን ያህል ጥቁር አሜሪካውያን የደቡብን ጭቈናና ድህነት ትተው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ተሰደዋል። በጦርነቱ ምክንያት ፋብሪካው ሠራተኛ ይፈልግ ነበርና ማዲ ወዲያው በወረቀት ፋብሪካ ሥራ አገኘ፤ በኋላም የጭነት መኪና ነዳ። ማታ ማታ ግን በየመጠጥ ቤቱ ይጫወት ነበር። በዚያ ዘመን በቺካጎ የታወቀው ዘፋኝ ቢግ ቢል ብሩንዚ እንግዳውን አቅርቦ ረዳው።

በከተማው ግን አንድ ችግር ገጠመው። በገጠር ጎጆ በሌሊት ጸጥታ ጥርት ብሎ የሚሰማው የእንጨት ጊታር፥ በቺካጎ መጠጥ ቤት በጠርሙስ ኳኳታና በሰው ጫጫታ ይዋጥ ነበር። ስለዚህ በ1940ዎቹ አጋማሽ የኤሌክትሪክ ጊታር ያዘ። በዚህም የአገሩን አጨዋወት ሳይለውጥ ድምፁን ብቻ አጐላው። ወዲያው ግን ድምፁ ሲጐላ ዘፈኑም ተለወጠ፤ ክሩ ይጮኽ፥ ይንቀጠቀጥ፥ ይፎክር ጀመር።

የ1948 ሸክላ

በ1946 ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ዘፈን ቢያስቀርጽም ኩባንያው በጊዜው አላወጣለትም። በ1947 አሪስቶክራት የሚባል ትንሽ የሸክላ ኩባንያ ያስዘፍነው ጀመር። በዚህ ኩባንያ ውስጥ ከፖላንድ የመጣ ሌናርድ ቼስ የሚባል አይሁዳዊ ስደተኛ ነበረበት፤ በጥቁሮች ሰፈር የመጠጥ ቤት ባለቤት ነበረ።

በኤፕሪል 1948 ማዲ በኤሌክትሪክ ጊታሩ፥ ከእርሱም ጋር ቢግ ክሮፎርድ በትልቁ ቤዝ፥ ሁለት ዘፈን ቀረጹ። ዘፈኖቹ አዲስ አልነበሩም። ከሰባት ዓመት በፊት በጎጆው ለሎማክስና ለዎርክ የዘፈናቸው እነዚያው ሁለቱ ነበሩ፤ ርእሳቸው ብቻ ተለውጦ አንዱ «አይ ካንት ቢ ሳቲስፋይድ»፥ ሁለተኛው «አይ ፊል ላይክ ጎዊንግ ሆም» ተባሉ። የመጀመሪያው ልቤ አይረካም ማለት ሲሆን፥ ሁለተኛው አገሬ ልግባ አገሬ ልግባ አለኝ እንደ ማለት ነው። መምህራችን ያሰሙን እነዚህን ነበር። በ1941 ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ሰውዬው ለራሱ የሚዘፍን ይመስላል። በ1948 ግን ጊታሩ እንደ ብረት ይጮኻል፤ ዘፋኙም ሌላ ሰው ሊያሸንፈው የማይችል ሆኖ ይሰማል።

ሌናርድ ቼስ በመጀመሪያ የዘፈኑን ቃል እንኳ መስማት አቅቶት ይህን ማን ይገዛል? ብሎ ነበር ይባላል፤ ኤቭሊን አሮን የተባለችው ሸሪኩ ግን አምናበት ወጣ። የመጀመሪያው እትም በአንድ ቀን ውስጥ አለቀ። ባለ ሱቆች ዋጋውን ጨምረው ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ይሸጡ ጀመር። ማዲ ራሱ ሊገዛ ሄዶ ዘፋኙ እኔ ነኝ ቢል ከአንድ በላይ ስለ ከለከሉት፥ ሁለተኛውን ባለቤቱን ልኮ እንዳስገዛ ይተረካል።

ለምን እንዲህ ተፈለገ? እኛ እንደሚመስለን ገዢዎቹ እንደ እርሱ ከደቡብ የመጡ ሠራተኞች ስለ ነበሩ ነው። የተወለዱበትን አገር ድምፅ ይናፍቃሉ፤ ነገር ግን ወደ እርሻው መመለስ አይፈልጉም። ይህ ሸክላ ሁለቱን በአንድነት ሰጣቸው።

የቡድኑ ገናናነት

በ1950 ኩባንያው በሌናርድና በወንድሙ በፊል እጅ ገብቶ ስሙ ቼስ ተባለ። ማዲም በዚያው ዓመት «ሮሊን ስቶን» የተባለውን ዘፈን አወጣ። ከዚህ በኋላ በዙሪያው የሰበሰባቸው ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ስመ ጥር ሆኑ። ሊትል ዋልተር ሃርሞኒካውን ከማይክሮፎን ጋር በመዳፉ ጨብጦ እየነፋ ከዚህ በፊት ያልተሰማ ድምፅ አወጣ፤ በ1952ም በራሱ ሸክላ በጥቁሮች የዘፈን ገበያ አንደኛ ወጣ። ጂሚ ሮጀርስ በሁለተኛው ጊታር፥ ኦቲስ ስፓን በፒያኖ ነበሩ። በ1954 ዊሊ ዲክሰን የደረሰለት «ሁቺ ኩቺ ማን» በዚያው ገበያ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ፤ በ1955 ደግሞ «ማኒሽ ቦይ» ተከተለ።

ማዲ ሌሎችን በመርዳትም የታወቀ ነበር። በ1955 ቸክ ቤሪ የሚባል ወጣት ሸክላ ለማስቀረጽ ማንን ልጠይቅ? ቢለው ወደ ሌናርድ ቼስ ላከው። ያ ወጣት ከሮክ ኤንድ ሮል መሥራቾች አንዱ ሆነ። ወጣቱ ትውልድም ወደ አዲሱ ዘፈን ስለ ዞረ፥ በ1950ዎቹ መጨረሻ የማዲ የራሱ ሸክላ ሽያጭ ቀዘቀዘ።

ባሕር ማዶ ግን ሌላ ዕድል ይጠብቀው ነበር። በ1958 ከኦቲስ ስፓን ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። እንግሊዞቹ ብሉዝ ማለት ባላገር በእንጨት ጊታር የሚዘፍነው ነው ብለው ስለ ገመቱ፥ የኤሌክትሪኩ ጩኸት ብዙዎቹን አስደነገጣቸው። በ1963 እንደ ገና ሲሄድ እነርሱን ለማስደሰት የእንጨት ጊታር ይዞ ቀረበ፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ወጣቶቹ የኤሌክትሪኩን ፈለጉ! ከእነዚህም ወጣቶች መኻከል በ1962 ቡድን መሥርተው ከ1950 ዘፈኑ ስም ወስደው ሮሊንግ ስቶንስ የተባሉት ይገኛሉ።

በጁላይ 3 ቀን 1960 በኒውፖርት የጃዝ በዓል ላይ ያቀረበው ጨዋታ በሸክላ ታትሞ በብዙ አገር ተሰማ። በዋዜማው ወጣቶች ረብሻ አንሥተው ስለ ነበር በዓሉ እንዲቋረጥ ተወስኖ ነበር። በዚያ ቀን በቦታው የነበረው ባለቅኔ ላንግስተን ሂውዝ ለበዓሉ መሰናበቻ የሚሆን የብሉዝ ግጥም እዚያው ጽፎ ሰጠ፤ ኦቲስ ስፓንም ዘፈነው። ይህ ሂውዝ ጣልያን አገራችንን ለመውረር በተነሣበት በ1935 ስለ ኢትዮጵያ ግጥም የጻፈው መሆኑን ስናውቅ በጣም ደስ አለን።

መዝገቡ በማን እጅ ነበረ?

አሁን ቀደም ሲል አንባቢ ልብ እንዲልልን ወደ ጠየቅነው ነገር እንመለስ።

ሸክላ በተሸጠ ቁጥር ለዘፋኙና ለደራሲው የሚገባ ድርሻ አለ። ይህን ሒሳብ የሚይዘው ኩባንያው ነው። ቼስ ለዘፋኞቹ መኪና ይገዛላቸው፥ አንዳንድ ጊዜም ዕዳቸውን ይከፍልላቸው ነበር፤ ገንዘቡም ከድርሻቸው ይቀነስ ነበር። ዘፋኙ መኪናውን ያያል፤ መዝገቡን ግን አያይም። ይህ ነገር የስቶቫልን ዱቤ አያስታውስምን? በእውነቱ ለመናገር ማዲ ሌናርድ ቼስን ይወደው ነበር፤ በ1969 ሌናርድ ከሞተም በኋላ ከኩባንያው ጋር እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ቆየ። ያም ሆኖ በ1970ዎቹ አጋማሽ እርሱና ዊሊ ዲክሰን የዘፈኖቻቸውን መብት የያዘውን የቼስን የኅትመት ድርጅት በፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ነገሩም ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። አንድ ሰው ዘፈኑ የዓለም ሆኖ ሳለ፥ የራሱን ሒሳብ ለማየት 60 ዓመት ገደማ እስኪሆነው መጠበቁ ያሳዝናል።

ከዚህ የባሰ የከነከነን ግን የፕሮፌሰር ዎርክ ነገር ነው። የናቼዝን እሳት ሰምተው ጥናቱን ያሰቡ እርሳቸው ነበሩ። ዘፈኖቹንም እየሰሙ በኖታ የጻፉ እርሳቸው ናቸው። የፊስክ ባልደረቦቻቸው ሉዊስ ጆንስና ሳሙኤል አዳምስም የሕዝቡን ኑሮ አጥንተው ጽፈዋል። ነገር ግን ጽሑፋቸው በየመዝገብ ቤቱ ተረስቶ ቀረ፤ ዎርክም መጽሐፋቸው ሳይታተም በ1967 ሞቱ። አለን ሎማክስ በ1993 ስለዚያ ጉዞ ታላቅ መጽሐፍ ሲያሳትሙ፥ የዎርክን ድካም እጅግ በጥቂቱ ብቻ ነው ያነሡት። ማዲ ዋተርስን ያገኘ ሎማክስ ነው እየተባለ ለብዙ ዓመታት ሲነገር ኖረ። የጠፋው ጽሑፍ ተፈልጎ ተገኝቶ በመጽሐፍ የታተመው በ2005 ነው፤ ከጉዞው 64 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ሎማክስን ለመንቀፍ ብቻ ይህን አልጻፍንም፤ እርሳቸው ባይመጡ ያ ከባድ መሣሪያ ወደ ስቶቫል ባልደረሰም ነበር። በጎጆው ውስጥ ግን ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ታሪክ ለረጅም ጊዜ የመዘገበው ሁለቱን ብቻ ነው።

የመጨረሻው ዘመን

በ1969 ማዲ በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጐዳ፤ ከዚያም በኋላ ለጊዜው በምርኩዝ ይሄድ ነበር። ሥራውን ግን አልተወም። ጆኒ ዊንተር የተባለ ወጣት ጊታር ተጫዋች ከ1977 ጀምሮ አዳዲስ ሸክላዎች እንዲያወጣ ረዳው። በኦገስት 1978 በፕሬዚዳንት ካርተር ግብዣ በዋይት ሃውስ ተጫወተ፤ ስድስት ጊዜም የግራሚ ሽልማት ተቀበለ። በኤፕሪል 30 ቀን 1983 በቺካጎ አጠገብ ዌስትሞንት በምትባለው ከተማ ዐረፈ።

በ1994 የአሜሪካ መንግሥት መልኩን በቴምብር አወጣ። በቺካጎ የኖረበት ቤት በ2021 የታሪክ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ያ በ1941 የዘፈነበት የእንጨት ጎጆም ከስቶቫል ተነሥቶ በክላርክስዴል የብሉዝ ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል።

መደምደሚያ

ይህን ታሪክ ስንጨርስ ወደ አሮጌው ፎቶግራፋችን ተመለስን። ማዲ ዋተርስ ድምፁን በሰማ ቀን ሕይወቱ ተለወጠ፤ ድምፁን ይዞ የሚያቆይለት ሰው ደጁ ድረስ መጥቶ ነበርና። ነገር ግን መሣሪያው ብቻውን አይበቃም። ድምፁ ሲያዝ የማን እንደ ሆነ፥ ማን እንዳስያዘው፥ ዋጋውም ለማን እንደሚገባ አብሮ መጻፍ አለበት። ጆን ዎርክ ሊቅ ሳሉ ስማቸው ከተረሳ፥ በየገጠሩ የሚኖሩት አያቶቻችን እንዴት አይረሱ? ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ያ በመኪና ተጭኖ የሄደው ከባድ መሣሪያ የሠራውን ሁሉ ይሠራል። ስለዚህ በሚመጣው የክረምት ዕረፍት እያንዳንዱ የክበባችን አባል የአንድ ሽማግሌ ወይም የአንዲት አሮጊት ታሪክ ወይም ዘፈን ቀርጾ፥ ስማቸውን፥ አገራቸውንና ቀኑን ጽፎ እንዲያመጣ ተስማምተናል።

የፎቶግራፉንም ነገር አልተውነውም። ወላጆችንና በጡረታ ላይ ያሉ መምህራንን እየዞርን ጠይቀን፥ ከዘበኛችን ሦስት ስሞች ጋር እስካሁን 11 ስም አግኝተን በጀርባው በእርሳስ ጽፈናል። ፎቶግራፉ በበዓሉ ሳምንት በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ይሰቀላል። በሁለተኛው ረድፍ በስተቀኝ ጫፍ የቆመችው፥ መጽሐፍ በደረቷ የታቀፈችው ልጅ ማን እንደ ሆነች እስካሁን የነገረን የለም። የሚያውቃት ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ቢኖር ወደ ክበባችን መጥቶ እንዲነግረን በትሕትና እንለምናለን።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እንመኛለን።